አማካዩ ሮቢትን አያውቃትም



ይህን የምጽፍልዎ ከሮቢት ነው፤ ከወልዲያ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካለችው ከተማ። የጤና ባለሙያ ወይም የቆጠራ ሠራተኛ ደጅዎ ቆሞ «ብሔርዎ ምንድን ነው? እቤት የምትናገሩት ቋንቋስ?» ሲልዎ ለምን ክው እንደሚሉ አውቃለሁ። በአገራችን መታወቂያ ላይ የሰፈረ የብሔር ስም ሰውን ከመኪና አስወርዷል፣ ሕይወትም አስከፍሏል። ሮቢት ባለችበት ራያ ውስጥ ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይሰማሉ፤ አንዱን ብቻ ምረጥ መባል ራሱ ያሳቅቃል። ፍርሃትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሳይመዘገቡ መቅረትም ግን ዕዳ አለው፤ የምጽፍልዎም ስለዚያ ዕዳ ነው።

አንድ ጤና ኬላ ይግቡ። ግድግዳው ላይ የክትባት ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ ይላል። ክንውኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ፣ ክንድ እየያዘች የወጋቻቸውን ሕፃናት ቆጥራ ጽፋዋለች። ዕቅዱ ግን ከላይ የወረደላት ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ የወረዳችን የራያ ቆቦ ሕዝብ 222 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው በየዓመቱ በዕድገት መጠን እየተሰላ የመጣ ግምት ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ምድር ሲመላለስ የተሰደደው፣ ወጥቶ የቀረው፣ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ስለዚህ አንዱ ቀበሌ ከመቶ በላይ ከተብሁ ብሎ ይመሰገናል፤ ሌላው ቀን ከሌት ለፍቶ ዕቅድ አላሟላህም ተብሎ ይወቀሳል። እኔን የሚያሰጋኝ የተመሰገነው ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ከተከተበ፣ ያልተከተበውን ልጅ ማን ወጥቶ ይፈልገዋል?

አማካይ ቁጥርም እንዲሁ ሰው ይደብቃል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት በአገር ደረጃ 26 ነበሩ። በክልል ሲዘረዘር አዲስ አበባ 97፣ አማራ 27፣ አፋር 15 ሆነ። ያ ዝርዝር ባይወጣ የአዲስ አበባዋና የአፋሯ እናት በአንድ ቁጥር ተጠቅልለው ይቀሩ ነበር። ይሁንና የአማራው 27 ራሱ የማን ነው? የባሕር ዳሯ እናትና በወረዳችን ዞብል ተራራ ላይ ምጥ የያዛት እናት በዚህ ቁጥር ውስጥ እኩል ሆነው ይታያሉ። ጥናቱ ወደ ወረዳ አይወርድም፤ ወረዳውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ከመስከረም በኋላ ወባ የሚያንገላታው ሜዳውን ነው፤ የተራራው ሰው ጭንቀት ሌላ ነው።

ወርዶ መቁጠር እንደሚቻል ትራኮማ አሳይቶናል። አማራ ክልል በዚህ የዓይን በሽታ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መድኃኒቱ የሚታደለው ግን በወረዳ ደረጃ እየተለካ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሕፃናት የዓይን ቆብ እየተገለበጠ ይታያል፤ ከመቶው አሥርና ከዚያ በላይ ሕመሙ ከተገኘባቸው የወረዳው ሕዝብ በጅምላ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ይሰጠዋል።

በቦታ መዘርዘር ይህን ያህል ከጠቀመ፣ በማንነት መዘርዘርስ? የዘር መረጃ ነገር አሜሪካኖችም እየተጨቃጨቁበት ነው፤ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችንንም ይነካል። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮቪድ ሞት በዘር ተለይቶ ሲወጣ ጥቁሮች ከድርሻቸው በላይ እየሞቱ መሆኑ ታየ። ቁጥሩ ባይዘረዘር ኖሮ ያ ግፍ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። በሌላ በኩል ለዓመታት የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር በሽተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ኩላሊቱ ከእውነተኛ አቅሙ የተሻለ የሚመስለው ሰው ለንቅለ ተከላ ወረፋ ይዘገይ ነበር። ማባዣው ከቀመሩ የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ያለ የወሎ ልጅ ብዙ ጊዜ «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ከሌላው ጋር አብሮ ይገባል፤ ቋንቋው፣ የመጣበት ምክንያት፣ መድን ያለው መሆኑ አይታይም።

እንግዲህ ልዩነቱን ያስተውሉልኝ። አገልግሎት ያልደረሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሰውን ማንነት መመዝገብ ተገቢ ነው። ደሙ እንዲህ ነው ብሎ ሕክምናውን ለመወሰን ማንነቱን መጠቀም ግን ጉዳት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሦስተኛ አደጋ አለ፤ መዝገቡ በክፉ ቀን ማን እጅ ይገባል የሚለው። ስለዚህ ብሔር ከመጠየቁ በፊት ርቀት፣ ቋንቋ፣ ኑሮና መፈናቀል ይመዝገቡ እላለሁ፤ በእኛ ወረዳ እናትን ከሐኪም የሚለያት በአብዛኛው እነዚህ ናቸውና። ብሔርም ከተጠየቀ ስም ከተጻፈበት ወረቀት ተለይቶ ይቀመጥ።

የጤና ዕቅድ የሚወጣው ከሐምሌ በፊት ነው። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩ ይሂዱና ይህን ይጠይቁልኝ፦ የሕፃናታችን ቁጥር ከቤት ለቤት ምዝገባ የመጣ ነው ወይስ ከግምት? ከየጎጡ እስከ ጤና ጣቢያ ወላድ ስንት ሰዓት ትጓዛለች? ዘንድሮ እቤታቸው የወለዱት ከየትኛው ጎጥ ናቸው? መልሱ በጎጥ ተዘርዝሮ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ ከክትባቱ ሰንጠረዥ ጎን ይለጠፍ።

አክባሪዎ፣
ከሮቢት