ከኋላዬ ተለጥፎ ቀደመኝ

«በአማተሮች የብስክሌት ውድድር የሰፈሬ ልጅ 40 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከኋላዬ ተለጥፎ መጥቶ መጨረሻዋ ላይ ፈትለክ ብሎ ቀደመኝ። ሰላምታ ነስቼዋለሁ። አጠፋሁ?» ላልከን ወንድማችን፤

መለጠፉ እንኳ በእንዲህ ዓይነቱ ውድድር የተለመደ ብልጠት ነው። አንተ ነፋሱን ስትሰብርለት እሱ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ግን ተራውን ፊት ወጥቶ ነፋሱን መካፈል የጨዋ ልጅ ወግ ነበር፤ በዚህስ ታዝበነዋል።

አንተስ ብትሆን? ከፊት የሚነዳ ሰው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ይጠቁማል እንጂ፣ በደብዳቤህ እንደጻፍከው «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ዝም ይላል እንዴ? ከኋላ ያለው የሚታየው ያንተ ጀርባ ብቻ ነው! ለአንዲት ዋንጫ የሰው ጥርስ ይርገፍ? በል ሻይ ጋብዘው፤ የጉድጓዷንም ነገር አትደብቀው። እሁድ ልምምድ ስትወጡ በየአምስት ደቂቃው ተቀያየሩ።