በአንድ ዘመን ዜማ ብቻ ራዲዮ ይቆማልን?

ሰው በጕብዝናው ወራት የሰማው ዜማ እስከ ሽምግልናው ድረስ ከልቡ የማይጠፋ መሆኑ የታወቀ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው በሠርግ ቤት ወይም በአውቶቡስ ውስጥ ሳለ ድንገት የቀድሞ ዘፈን ቢሰማ፥ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን በዚያን ጊዜ አብሮት የነበረውን ወዳጁንና የሄደበትን መንገድ ጭምር ያስታውሳል። ይህን የሰውን ጠባይ የተረዱ ነጋዴዎች በውጭ አገር በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ የወጣውን ዘፈን ብቻ የሚያሰሙ የራዲዮ ጣቢያዎች አቁመዋል። በኢትዮጵያም የዘጠናዎቹን ዘፈን መሠረት ያደረገ ጣቢያ ቢቋቋም ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ጥያቄ ሊታሰብበት ይገባል፤ ይልቁንም እንደ ደብረ ታቦርና እንደ ደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ራዲዮ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለኑሮ በሚያስፈልግበት አገር፥ ነገሩ በጥንቃቄ መመርመር አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘጠናዎቹ የሚባሉት የትኞቹ ዓመታት እንደ ሆኑ መለየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ማለት በኢትዮጵያ ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። ይህም ደርግ በ1983 ዓ.ም. የወደቀበት፥ ከዚያም የሰዓት እላፊው ገደብ ተነሥቶ የሌሊት ጨዋታ የተመለሰበት፥ ካሴትም በየሱቁ የተሸጠበት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ዘጠናዎቹ ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. ያሉት ናቸው፤ የቴዲ አፍሮ አቡጊዳ በ1993 ዓ.ም. የወጣው፥ ካሴትም ለሲዲ ስፍራውን የለቀቀው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሁለቱ ዘመናት የሚገናኙት ከሁለት ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ የውጭውን ስም ተውሶ ጣቢያ የሚያቆም ሰው፥ ስሙን የሚሰማው ሕዝብ ሌላ ዘመን እንደሚያስብ ካላወቀ፥ ገና በመጀመሪያው ቀን ከአድማጩ ጋራ ሳይግባባ ይቀራል።

የውጭውም ምሳሌ በሚገባ ሲታይ ብዙ ያስተምራል። በብሪታንያ አብሶሉት ራዲዮ የተባለው ድርጅት በ2002 ዓ.ም. የዘጠናዎቹን ዘፈን ብቻ የሚያሰማ ጣቢያ ከፍቷል። ነገር ግን ያ ጣቢያ ብቻውን የቆመ አይደለም። የጧቱ ዝግጅት ከእናት ጣቢያው የሚመጣ ሲሆን፥ የአቅራቢው ንግግር አንድ ሆኖ በመካከሉ የሚገባው ዘፈን ብቻ በየጣቢያው ይለያያል። ስለዚህ ወጪው ለብዙ ይከፋፈላል። ደግሞም በዚያ አገር የሕዝቡ መካከለኛ ዕድሜ አርባ ዓመት ገደማ ስለ ሆነ፥ በዘጠናዎቹ ጐረምሳ የነበረው ሰው ዛሬ ብዙ ቍጥርና ብዙ ገንዘብ ያለው ነው፤ ማስታወቂያ የሚያስነግረውም ነጋዴ የሚፈልገው እርሱን ነው።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከሃያ ዓመት በታች ያለ ወጣት ስለ ሆነ፥ ዘጠናዎቹን በየትኛውም አቆጣጠር አያስታውሳቸውም። ወጣት የቀድሞ ዘፈን አይወድም ማለት አይደለም፤ ይወዳል። የሚወደው ግን በትዝታ ሳይሆን፥ የሚያስተዋውቀውና የሚያስረዳው ሰው ሲያገኝ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የጨዋታ እንግዳ በተባለው ዝግጅቱ ሰዎችን እያቀረበ የሕይወታቸውን ታሪክ በማስተረክ ስም አትርፏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ አሮጌ ነገር ሁሉ ከነታሪኩ ሲቀርብ አዲስ አድማጭ የሚያገኝ መሆኑ ነው።

ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ኤፍ ኤም የሚባለው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ይጋርደዋል። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፥ በእስቴና በጋይንት መካከል ቆሟል። በጣና ዳር የተተከለ ማሰራጫ ድምፁ ከጉና ወዲያ ላለው ለስማዳና ለታች ጋይንት ሸለቆ በቀላሉ አይደርስም። ይህን ለማድረስ በየኰረብታው ተቀባይና አስተላላፊ መሣሪያ መትከል፥ መብራት ማስገባት፥ ጠባቂም ማቆም ግድ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ የዘፈን ትዝታ ብቻ ይከፍለዋል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። የማሰራጫ ሞገድ ደግሞ ውስን የሕዝብ ሀብት ነው፤ ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ያለው ገበሬ ምን ያህል እንደሚጠቀም ማስተዋል አያዳግትም። የገብስና የድንች ዋጋ፥ የከብት በሽታ ወሬ፥ የመንገድ መዘጋትና መከፈት የሚነገርበትን ሞገድ ቀኑን ሙሉ ለዘፈን ብቻ መስጠት አግባብ አይሆንም።

የሕግም ነገር አይዘነጋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410፥ ለንግድ የታተመ ድምፅ በራዲዮ ሲሰራጭ ለከዋኙና ለአሳታሚው ተገቢ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 872 ደግሞ ክፍያው በጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። በካሴት ዘመን ድካማቸው ያለ ፈቃድ በተባዛ ቅጂ የተበላባቸው ዘፋኞች ብዙዎች ናቸው። ሥራው የሌላ ሰው ድካም ብቻ የሆነ ጣቢያ ለባለድካሙ ሳይከፍል ቢተዳደር፥ ትዝታ ማክበር ሳይሆን ሁለተኛ ቅሚያ ይሆናል።

አንዳንዶች ግን ሊደመጥ የሚገባው ክርክር አላቸው። የካሴት ክር በዕድሜና በእርጥበት ይበላሻል፤ ዛሬ ካልተገለበጠ የዚያ ዘመን ድምፅ ለዘለዓለም ይጠፋል፤ ስለዚህ ጣቢያው እንደ መዝገብ ቤት ይጠቅማል ይላሉ። እውነት ነው። ሆኖም በደጋው የዘጠናዎቹ ዜማ በአዲስ አበባ ሱቅ የተሸጠው ብቻ አልነበረም። በሠርግና በማኅበር የተሰማው መሰንቆ፥ በግጦሽ ሜዳ የተነፋው ዋሽንት፥ በቡሄ ዕለት የልጆች ሆያ ሆዬ፥ በደቦ የተባለው ሁሉ አብዛኛው በካሴት አልገባም። ከአዲስ አበባ የተላከውን ብቻ የሚደጋግም ጣቢያ የደጋውን ዘመን አያስታውስም፤ ያስረሳዋል እንጂ።

ዜማ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደሚሻገር የደብረ ታቦር ሰው ከሌላ ዘንድ መማር አያስፈልገውም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል እንቅስቃሴ ተመልክተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ፥ የጎንደር ሊቃውንት ባይቀበሉትም ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት፥ ተክሌም በደብረ ታቦር አስተምሮት በስሙ የተክሌ አቋቋም ተብሎ እንደ ቀረ ይነገራል። ያ ዜማ እስከ ዛሬ የደረሰው አሮጌ ስለ ሆነ አይደለም፤ መምህር ተቀብሎ ለደቀ መዝሙር ስላስረከበው ነው። ያለ መምህር የሚደጋገም ድምፅ ግን የገደል ማሚቶ ነው፤ ይሰማል፥ ግን አይወልድም።

ስለዚህ በዘጠናዎቹ ዘፈን ብቻ የተመሠረተ ጣቢያ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ብቻውን ሊጸና አይችልም። ወሬን፥ ጤናን፥ እርሻንና ገበያን በሚያሰማ ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተመድቦለት፥ ዘፈኑ ከነታሪኩ ቢቀርብ ግን ይጸናል፤ ይወደዳልም። ፈቃድ የሚሰጡ ባለሥልጣኖች ሞገዱን ከመስጠታቸው በፊት ጣቢያው ከጉና ወዲያ ለሚኖረው ሰው ምን እንደሚያደርስ፥ ለባለድካሙስ ምን እንደሚከፍል ይጠይቁ። የአገሩ ካህናትና ሽማግሌዎችም የሚያውቁትን የሰው ስም፥ የዜማ ስልትና የዘመን ታሪክ በሕይወታቸው ሳሉ ያስመዝግቡ። የካሴቱ ክር ቢበጠስ ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል፤ ያልተመዘገበ ሽማግሌ ሲሞት ግን ቅጂ የለውም።