«ያልገባው አለ?» ሲባል ማን እጁን ያወጣል?

«ኢዝ ኢት ክሊር?» ይላል መምህሩ። «የስ ቲቸር!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። በባሌ፣ ሮቤም ይሁን ጎባ፣ ዲንሾም ይሁን ጎሮ፣ ከሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ክፍል መስኮት ሥር የቆመ ሰው ይህን ይሰማል። ከዚያ ሁሉ «የስ» ስንቱ በትክክል የገባው ነው? መምህሩስ የጠየቀው መልስ ፈልጎ ነው ወይስ ወደሚቀጥለው ርዕስ ለማለፍ ፈቃድ ፈልጎ? ፈተናው ታርሞ ሲመለስ ያው መምህር ስታፍ ሩም ቁጭ ብሎ «ልጆቹ ዓይን አፋሮች ናቸው፤ አይጠይቁም እኮ» ይላል።

ለመሆኑ ዓይን አፋር ያልናት ልጅ የት ነው የምታፍረው? በገበያ ቀን የእናቷን ቅቤ ይዛ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር አታፍርም። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የሚኒ ሚዲያውን ዜና በአፋን ኦሮሞ ስታነብ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ፊቷ ተሰልፎ ሳለ፣ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የባዮሎጂ መምህሩ «አንቺ፣ ተነሺ!» ሲላት ግን አንገቷን ትደፋለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠባይዋ ተለወጠ እንበል? ሚኒ ሚዲያው ላይ ወረቀት በእጇ ነበር፤ ማታ ተለማምዳዋለች፤ ቋንቋው የቤቷ ነው፤ ብትሳሳት ማርክ የሚቀንስባት የለም። ባዮሎጂው ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ቋንቋው ላይ ትንሽ እንቆይ። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በከተሞች በአማርኛ የሚማሩም አሉ። 9ኛ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እስከዚያ ድረስ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሲሰጥ የቆየ ነው። ከሲናና ወይም ከአጋርፋ ገጠር ስንቁን ተሸክሞ ሮቤ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስለ ስንዴ ዋግ ምን ሊጠየቅ ይችላል? በአባቱ ማሳ ላይ ያየውን፣ በእጁ የዳሰሰውን! ግን «ዋትስ ረስት?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ የእፍረት ነው ወይስ የቃል እጦት? መምህሩ ለሁለት ደቂቃ «በምታውቀው ቋንቋ ንገረኝና አብረን እንመልሰዋለን» ቢለው የትኛው ሕግ ይጣሳል?

ሳቁስ? አንድ ልጅ «ዚስ ኢዝ» ብሎ ጀምሮ ሲደናቀፍ ክፍሉ ይስቃል፤ አንዳንዴ መምህሩም ከንፈሩን ነክሶ አብሮ ይስቃል። የተሳሳተውን «መልሱን እስክታገኝ ቆመህ ቆይ» የሚል መምህር ዛሬም አለ። ያንን ያዩት ሃምሳና ስልሳ ልጆች በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ተማሩ? ፎቶሲንተሲስን ረስተውት ይሆናል፤ እጅ ማውጣት የሚያስከፍለውን ግን አይረሱትም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ይወስድ ነበር፤ ለመምህሩ የሚተርፈው የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ይቀጥል ነበር። ተማሪው ለመናገር ቢደፍር እንኳ ማን ይሰማው ነበር? ያኔ 9ኛ ክፍል የነበሩት ዛሬ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ናቸው፤ ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት አሁን መምህራን ናቸው። ጠይቀው ራሳቸው ሲመልሱ ስናይ ከማን የወሰዱት ይመስለናል? በኢሕአዴግ ዘመን የመጣው «አንድ ለአምስት» የተማሪዎች ቡድንም ይህን ዝምታ ያቃልላል ተብሎ ነበር። አምስቱን ወክሎ የሚናገረው ማን ሆነ? ያው ድሮም የሚናገረው ጎበዝ።

«ባህላችን ነው፤ ልጅ በአዋቂ ፊት አይናገርም» የሚሉ አሉ። ይህን ባሌ ውስጥ ሆኖ ማለት አይከብድም? ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ጉዳዩን በጉባኤ ተነጋግሮ የሚጨርስ ሥርዓት ነው። ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከጥንታዊው የገዳ ስፍራ ከመዳ ወላቡ ነው። መከባበር ለመናገር ተራ ሲሰጥ እንጂ ተራ ሲነፍግ የት ታይቷል? የአብነት ትምህርት ቤቱም ቢሆን፣ በቁጣውና በአለንጋው ብንተቸውም፣ የቅኔ ተማሪ የዘረፈውን በራሱ አፍ ለመምህሩ ሳያሰማና ሳይታረም ወደፊት አያሳልፈውም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው። ልጁ 12 ዓመት በዝምታ ተቀምጦ አለፈ፤ የመልቀቂያ ፈተናውም ምርጫ ነው፤ ፊደል ማጥቆር እንጂ መናገር አይጠይቅም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ስንቱ ያልገባውን ሳይጠይቅ እዚያ እንደደረሰ ስንቶቻችን ጠየቅን? ያለፈው ደግሞ ከሌላ ክልል ሮቤ ወይም ጎባ ሊመደብ ይችላል፤ ውጪ አፋን ኦሮሞ፣ ዶርም አማርኛ፣ ክፍል እንግሊዝኛ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኮርስ አውትላይን ይታደለዋል፤ «ተሳትፎ 5፣ ፕረዘንቴሽን 10» የሚል። ዝም በል ሲባል ያደገውን ልጅ ስለ ዝምታው መቅጣት ምን ዓይነት ምዘና ነው? መናገርን የት አስተማርነውና ነው ፈተና የምናወጣበት? የሕክምና ተማሪ ሲሆንማ ይብሳል፤ በየማስተማሪያ ሆስፒታሉ ራውንድ ላይ፣ በሽተኛው እየሰማ፣ ተማሪን ማሸማቀቅ እንደ ማስተማር የሚቆጥር ሐኪም አይታጣም። ነገ ስህተት ሲያይ «ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ልክ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ይህ ልጅ ነው?

መምህራን የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ተገቢም ነው። መስፈርቱ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በክፍል ይላል፤ እነሱ ስልሳ ይዘው፣ መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ማንን ጠብቀው ማንን ያናግሩ? ልክ ነው። ግን ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ሁለት ደቂቃ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ለአጠገባችሁ ንገሩ» ማለት ምን ገንዘብ ያስወጣል? ስልሳ ልጅ ሠላሳ ጥንድ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ሰው ይናገራል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሡ ለካች፤ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆነ። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት መልሱ ረዘመ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። በራሳቸው ቋንቋ ለሚማሩ ልጆች ሦስት ሰከንድ ካስፈለገ፣ በሦስተኛ ቋንቋው ለሚያስብ የባሌ ልጅ ስንት ይገባዋል?

በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ልጅም አለ፤ እሱን ለፍላፊ ለማድረግ መታገል አያስፈልግም። ያልገባውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይውጣ፤ መምህሩ በማግስቱ ስም ሳይጠራ ይመልስለት። ያልገባውን ጠይቆ መልስ ማግኘት መብቱ ነው፤ ከጠባዩ ጋር ግንኙነት የለውም።

አሳታፊ የማስተማር ዘዴን በሌክቸር የሚያስተምሩ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆቻችን ይህን ከራሳቸው ክፍል ይጀምሩት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ተማሪውን መናገር እስኪያስተምሩት ድረስ የተሳትፎ ማርክን ከኮርስ አውትላይኑ ያውጡልን።