ጎማ ነው ወይስ ጭረት?

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ነበርን፤ ዛሬ ወደ መኪና ማቆሚያ እንውጣ።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለችውን መንገድ ታውቋታላችሁ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በይፋ የሰጣት እሷ ናት። አጭር ናት፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን እንጀራ የሚገዛው፣ ቡና የሚጠጣው፣ ዘመድ የሚፈልገው ሁሉ እዚያው ነው። መኪኖች የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከጠባብ ቦታ ለመውጣት መሪውን ጥግ ድረስ ያዞረ ሰው የፊት ጎማው ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ አጠገቡ ያለውን መኪና ሳያውቀው ታክኮ ይሄዳል።

አንዲት አንባቢያችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። አባቷ ለአንድ ወር አገር ቤት ሲሄዱ መኪናቸውን ለእሷ ትተውላታል። በዚያ መኪና ሰው እያመላለሱ ነው ቤተሰቡን የሚያስተዳድሩት፤ ዕዳውም ገና አላለቀም። ልጅቷ በርበሬ ልትገዛ ፌርፋክስ ላይ አቆመች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስትመለስ፣ ከግራው የፊት ጎማ በላይ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ የተሳበ ጥቁር መስመር አገኘች። ወረቀት ትቶላት የሄደ ሰው የለም። ያሳየችው ጋራዥ «ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ አይሆንም» አላት። አባቷ ሐሙስ ይመለሳሉ። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፦ እውነት መቀባት አለበት ወይ? ደግሞስ ለአባቴ በስልክ፣ በአማርኛ፣ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚከብደው እሱ ነውና። መጀመሪያ የጻፈችው «አባዬ፣ መኪናው ተበላሽቷል» የሚል ነበር። ይህን የሰማ አባት የሚያስበው ሞተሩን ነው። «መኪናው ተገጭቷል» ብትል ደግሞ አባቷ የአውሮፕላን ቲኬታቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። «አትደንግጥ» ብሎ መጀመርም አይረዳም። ወላጆቻችን «አትደንግጥ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነው ይበልጥ የሚደነግጡት። እኔ የመከርኳት እንዲህ እንድትል ነው፦ «አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። መኪናው ቆሞ ሳለ የሌላ መኪና ጎማ ታክኮት ሄዷል። ጥቁር ምልክት ትቷል። ቀለሙ ይላጥ አይላጥ ዛሬ አይቼ እነግርሃለሁ።» ተገጨ፣ ተጫረ፣ ተላጠ፣ ታከከ፤ አራቱም የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያውቅ ሰው ጋራዥ ሲሄድም በቀላሉ አይታለልም።

የሚነገረውም ከመጽዳቱ በፊት ነው። ፎቶ አንሡ፤ ከሩቅም ከቅርብም። ኢንሹራንስ ቢያስፈልግ ማስረጃው እሱ ነው። በዚያ ላይ፣ ምልክቱን አጥፍቶ ዝም ማለት ከመኪናው ባለቤት ጋር አያስማማም።

አሁን ወደ መኪናው። ዘመናዊ የመኪና ቀለም ብዙ ድርብ አለው። ከላሜራው ላይ መሠረቱ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን። ይህ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከጸጉራችሁ የቀጠነ ማለት ነው። የጎማ ምልክት የሚቀመጠው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ጭረት ግን ሽፋኑን ቆርጦ ይገባል። ለመለየት መጀመሪያ ቦታውን በውሃና በሳሙና እጠቡት። አቧራው ካልታጠበ እናንተ ራሳችሁ በጨርቅ ትጭሩታላችሁ። ቀጥላችሁ ጥፍራችሁን በቀስታ በምልክቱ ላይ አሳልፉ። ጥፍሩ ከያዘ ጭረት አለ። ሳይይዝ ከተንሸራተተና ጥቁሩ ከዳር ከዳር እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ከተነሣ ጎማ ነው። ሌላም መለያ አለ፦ ቀላል ጭረት ሲረጥብ ለጊዜው ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ጎማ ግን ቢረጥብም ባይረጥብም ጥቁር ነው።

ለምን ጥቁር ሆነ? ጎማ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። የጥንት መኪኖችን ፎቶ ብታዩ ብዙዎቹ ነጭ ወይም ግራጫ ጎማ ነበራቸው። (ከትንሿ ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ፌርፋክስን ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ዊልሸር ጥግ ላይ በ1994 የተከፈተው የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም አለ። ልጆች ይዛችሁ ሂዱ።) በኋላ ጎማ ሠሪዎች «ካርቦን ብላክ» የሚባል ዱቄት ጨመሩበት፤ ጎማው ቶሎ እንዳያልቅ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ካርቦን ብላክ በአማርኛ ሲነገር ጥላሸት ነው፤ እናቶቻችን ከድስት ቂጥ የሚፍቁት ዓይነት፣ በፋብሪካ ተጣርቶ የተሠራ። «ስሜን ጥላሸት ቀባው» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ የአባታችሁን መኪና የቀባው ያው ጥላሸት ነው፤ ያውም ከጎማ ጋር ተለውሶ።

ጎማ ደግሞ በውሃና በሳሙና ብቻ አይለቅም፤ በድኝ የበሰለም ነው። በ1839 ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማብሰል እንደሚያጠነክረው አገኘ። የበሰለ ጎማ እንደ ስኳር አይሟሟም፤ ዘይትነት ያለው ነገር ሲያገኘው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የያዘውን ይለቃል። ስለዚህ ሥራው ጉልበት አይፈልግም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከአማርኛ ግሶች ጋር እንተዋወቅ። ማሸት በቀስታ፣ በለስላሳ እጅ ነው። መወልወል በጨርቅ ጠርጎ ማንሣት ነው። መፈተግ አጥብቆ፣ ደጋግሞ ነው። መፋቅ በሹል ወይም በሻካራ ነገር ነው። ለመኪና ቀለም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ይበቁናል። ትልቅ ሰው «እሸው እንጂ አትፋቀው» ካላችሁ ሙሉ መመሪያ ሰጥቷችኋል።

ጥላ ውስጥ አቁሙ፤ ላሜራው ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። የሎስ አንጀለስ ፀሐይ የምትቀቡትን ፈሳሽ ሥራውን ሳይሠራ ታደርቀዋለች። ጓንት አድርጉ። ከፋርማሲ የሚገዛውን አይሶፕሮፒል አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ፣ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። የሚሞከረው መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ላይ ነው። ቀለል ያለ ምልክት በዚህ ብቻ ይሄዳል። እምቢ ካለ ዘይትነት ያለው ይመጣል፦ ለመኪና ተብሎ የተሠራ የሬንጅ ማስለቀቂያ፣ ወይም በየቤቱ የማይጠፋው ደብሊው-ዲ 40። ጨርቁ ላይ እንጂ መኪናው ላይ አትርጩ። ጨርቁን ምልክቱ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፉት፤ ጎማው እስኪለሰልስ ጠብቁ። ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ወልውሉ። ጨርቁ ሲጠቁር ገልብጡት፤ ሲያልቅ ሌላ ያዙ። በጠቆረ ጨርቅ ያሸ ሰው ጎማውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል እንጂ አያነሣውም።

አሁንም ጥላ የመሰለ ነገር ከቀረ፣ የመኪና ሸክላ የሚባል እንደ ሊጥ የሚለስልስ ነገር አለ። ከሚያንሸራትት ፈሳሽ ጋር በቀስታ ሲታሽ የቀረውን ይለቅመዋል። መሬት ከወደቀ ይጣል፤ የያዘው አሸዋ መኪናውን ይጭራል። ሲያልቅ ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ ሰም ቀቡት፤ ያበሳችሁበት ፈሳሽ የድሮውን ሰም ይዞ ሄዷልና።

የማትነኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። አሴቶንና ቲነር ቀለሙን ራሱን ያለሰልሳሉ። ግድግዳ ላይ የልጆች እርሳስ የሚያጠፋው ነጭ ስፖንጅ ለስላሳ ይመስላል እንጂ እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቤንዚን የሚመክሯችሁ ዘመዶች ይኖራሉ። አገር ቤት ሬንጅ በላምባም በቤንዚንም ሲለቀቅ ያዩ ናቸውና ምክራቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የቤንዚን ጭስ ግን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ሳንባም ይጎዳል። «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ሬንጅ ማስለቀቂያውን ተጠቀሙ። መኪናው በቅርብ ሳምንታት የተቀባ ከሆነ ግን ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ቀቢውን ጠይቁ፤ አዲስ ቀለም ገና አልጠነከረም።

የአንባቢያችን መኪና ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ከጎማው በላይ ባለው አካል ላይ የመከላከያ ፊልም ተለጥፏል፤ በሩ ላይ የለም። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስለጥፈው ጠጠር ከሚመታው ከፊት ለፊት ነው። ለማወቅ ከጠርዝ ከጠርዝ በብርሃን ተመልከቱ፤ እንደ ስልክ ስክሪን መሸፈኛ ቀጭን መስመር ታያላችሁ። ነገሩ ፖሊዩሪቴን የሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተር ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ ነበር የሚለጠፈው።

ፊልም ላይ ሥራው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቀጠነው አልኮል ጀምሩ። ካልለቀቀ ሬንጅ ማስለቀቂያውን በጥቂቱ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያው በሳሙና ማጠብ። ወደ ጠርዙ አትጠጉ፤ ፈሳሹ ከሥር ከገባ ሙጫውን ያለቅቀዋል፣ ፊልሙም ይነሣል። ሻካራ ፖሊሽና የሚሽከረከር ማሽን አይነካውም። ደብዛዛ ፊልም ከሆነ ፖሊሽም ሰምም ክልክል ነው፤ ያልተፈለገ ብልጭታ ያመጣበታል። ደግነቱ፣ የብዙዎቹ ዘመናዊ ፊልሞች የላይኛው ገጽ ለብ ያለ ውሃ ወይም ፀሐይ ሲያገኘው ቀላል ጭረትን ራሱ ይደፍናል። የተቀደደ ከሆነ ግን አይድንም፤ ያ ቁራጭ ተነሥቶ ሌላ ይለጠፋል። ዋጋ የተከፈለበትም ቀለሙን ተክቶ እንዲጎዳ ነው።

ልጅቷ ሁለቱንም በየመንገዱ ሠራች። ከፊልሙ ላይ በአልኮል ብቻ ለቀቀ። በሩ ላይ ሬንጅ ማስለቀቂያ ሁለት ጊዜ ፈለገ፤ ከሥሩ አንድ የጣት ርዝመት ያላት፣ ጥፍር የማትይዝ ጭረት ቀረች። እኔ ብሆን አልነካትም። መቀባት ያለበት ነገር ግን የለም። ተፍቆ ይቀባ ያለው ጋራዥ ፊልም መኖሩን እንኳ አላየም።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር ልበል። በሎስ አንጀለስ ሕግ መኪና በቱቦ የሚታጠበው ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ አፍ ያለው ከሆነ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ቦይ ደግሞ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ የፌርፋክስ አካባቢ ውሃ በባሎና ክሪክ አድርጎ ሳንታ ሞኒካ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ስለዚህ ማስለቀቂያው በጨርቅ ይነሣ እንጂ ወደ አስፋልት አይፍሰስ።

ልጅቷ ስትደውል አባቷ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ፓራፋንጎው ላይ ነው ወይስ ፓራውልቱ ላይ?» ብለው ጠየቁ። እሷ ሁለቱንም ቃል ሰምታ አታውቅም። «አባዬ፣ አማርኛ ነው?» አለች። ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቃላቱ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ ነው፤ ፓራውልት ባምፐር ነው። አገር ቤት ጋራዥ ብትገቡ ጣሊያንኛ የምትሰሙ ይመስላችኋል። ጎማ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፣ መኪናም እንዲሁ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የጎማው የውስጥ ፊኛ ከመነዳሪ፣ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ቸርኬ፣ የመኪናው ቆርቆሮ ላሜራ፣ ጉድጓድ የሚደፈንበት ስቱኮ፣ መኪና የሚታጠብበት ላቫጆ፣ ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮ። ዛሬ ሮም ሄዳችሁ ብትናገሯቸው አብዛኞቹን ይረዷችኋል፤ ከመነዳሪን ግን እኛ ስላጣመምነው ሳይቸገሩ አይቀሩም።

በእናንተ ቤት ለመኪና ክፍሎች ምን ምን ትላላችሁ? አባታችሁን፣ አጎታችሁን ወይም እትዬን ጠይቁና ጻፉልኝ፤ በሚመጡት ሳምንታት አወጣቸዋለሁ። ለፍሬን ማቆሚያ ቦታ አስቀርቼላችኋለሁ።