ኋለኛውን የማይጥል ጨዋታ



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። «ዕጩ መምህር ሆኖ ስለ ጌም ይጽፋል እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ፤ ብቻ ጨርሶ ያንብበኝ።

ነገሩ የጀመረው ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ነው። የደረሰኝ 5ኛ ክፍል ሲሆን 62 ተማሪዎች ነበሩበት። ከመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠቅስም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ደረጃው 61ኛ ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን አያነሳም፤ ሲጠራም ይነሳል፣ ዴስኩን ያያል፣ ይቀመጣል።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ጩኸት ሰማሁና ሄድኩ። አሥር የሚሆኑ ልጆች አንድ ስልክ ከበዋል፤ ያ ዝምተኛ ልጅ መሐል ተቀምጦ የካርቱን መኪና ይነዳል። «አቦ ልጣጩን ጣልበት! ጣልበት!» ይላሉ። ልጁ ይስቃል። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? ስልኩን ነጠቅሁና «ለዚህ ለዚህማ ጎበዝ ነህ!» አልኩት። ልጆቹ ሳቁበት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረ።

ስልኩን ሊወስድ የመጣው ባጃጅ የሚነዳ ታላቅ ወንድሙ ነበር። በአክብሮት ይቅርታ ጠየቀኝና ሲወጣ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን ልጁ አንደኛ የሚወጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሌላ የት አለውና?» መልስ አልነበረኝም። ጨዋታውን ጫንኩና እኔም ሞከርኩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ተጫውቻለሁ፤ ይህንን እንደ ግለ ሂስ ቁጠሩልኝ።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዘሩ ሲቆጠር ጃፓን ይደርሳል። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ «ሱፐር ማሪዮ ካርት»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ካርት ማለት ጣራ የሌላት፣ ወለሏ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ናት። የሰፈራችን ልጆች ከጣውላና ከኩሽኔታ ሠርተው ቁልቁለት የሚለቋት ጋሪ የቅርብ ዘመዷ ነች። ያ ጨዋታ 8 ነጂዎች ነበሩት፤ ሪዛሙ ማሪዮ፣ ልዕልቲቱ፣ ጦጣውና ሌሎችም። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ የተሠራው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» ብቻውን ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቷቸው የካርቱን መኪናዎችም የዚሁ ተከታዮች ናቸው።

ታዲያ ልጁን የሚስበው ምኑ ነው? ሥዕሉና ቀለሙ መቼም ያምራል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በማሪዮ ካርት መንገድ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ሣጥኖች ይደረደራሉ። ነጂው ሲገጫቸው አንዳች ዕቃ ይደርሰዋል፤ ዕቃው ግን ለሁሉም እኩል አይታደልም። ከፊት ላለው የሚደርሰው በብዛት የሙዝ ልጣጭና የመሳሰለው ነው። ከኋላ ለቀረው ግን ፍጥነት የሚጨምር እንጉዳይ ወይም የሚነካውን ሁሉ የሚጥል ኮከብ ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ማሪዮ ካርት 64» ደግሞ አንደኛውን ፈልጋ የምትመታ ሰማያዊ የዔሊ ቅርፊት መጣች። ስለዚህ ኋለኛው ተስፋ አይቆርጥም፤ ፊተኛውም አይኮራም። ቢሸነፍም የሚሰድበው የለም፤ «እንደገና» የሚለውን ተጭኖ ይጀምራል።

እስቲ ከኛ ክፍል ጋር አስተያዩት። እኛ ዘንድ ጥያቄው ለፊተኛው፣ ምስጋናው ለፊተኛው፣ የፊት ወንበሩም ለፊተኛው ነው። 61ኛው የሚደርሰው ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ብቻ ነው። ጌም ሠሪዎቹ ገበያ ፈልገው ይሁን ሌላ፣ ኋለኛውን አስበውታል። በዚህ በኩል ከኛ ይሻላሉ ብል አልዋሸሁም።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለመምህር ትምህርት የሚሆነው ጉድለቱ ነው።

አንደኛ፣ ኋለኛውን የሚያነሳው በዕጣ ነው። ልጁ ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም፤ ለምን እንደተሸነፈም እንዲሁ። ደህና ሲነዳ የቆየውም መጨረሻው መስመር ላይ በሰማያዊዋ ቅርፊት ይመታል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ፊት መሆኑ።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በማሪዮ ካርት በጣም የዘገየው ነጂ አንዳንዴ ትልቅ ጥይት ይሆንና ጥይቱ ራሱ እየነዳ ወደፊት ያደርሰዋል። እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥም ይደርሳል። ያ ልጅ ተሳፋሪ ነው እንጂ ነጂ አይደለም። ጥይቱ ሲያወርደው መታጠፊያውን ዛሬም አያውቀውም።

ሦስተኛ፣ የገንዘብ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለስልክ የወጣው «ማሪዮ ካርት ቱር» ነጂና መኪና የሚገኝበት፣ በገንዘብ ጭምር የሚሞከር የዕጣ ቧንቧ ነበረው። ብዙ ከተወቀሰ በኋላ በ2022 ቀረ። ብዙዎቹ ነፃ የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችም ማስታወቂያ እያስመለከቱና «ግዛ፣ ግዛ» እያሉ የልጁን ጊዜና የወላጁን ካርድ ይበላሉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ጥይቱ ነው። እኛም ጥይት ስለምናድል! ማርክ እንጨምራለን፣ «ይለፍ ምስኪን» እንላለን፣ ማንበብ ያልቻለውን ወደሚቀጥለው ክፍል እናሳፍረዋለን። ደግነት ይመስለናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህሩ ላይ የሚጭን ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን መታጠፊያውን ሳይማር ተሳፍሮ የደረሰ ስንቱ እንደነበረ እኛው እናውቃለን።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን መጣ። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም የዕለቱን የካርታ ትምህርት በጨዋታ አደረግሁት፤ ከከዚራ ተነስቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ፣ መጋላ የሚደርስ የእሽቅድምድም መንገድ በቡድን ሣሉ አልኳቸው። መስፈርት አወጡ፣ ርቀት ገመቱ፣ ርቀትን በሰዓት አካፈሉ፤ ተሳስተውም አረሙ። አንዱ ደቻቱ ላይ ጎርፍ እንደ መሰናክል ይግባ ሲል ያ ዝምተኛ ልጅ «በጎርፍ አይቀለድም፤ በ98ቱ ስንት ሰው ሞቷል» አለ። ሳይጠራ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ያካፈለው ግን ትክክል አልነበረም፤ ማርክም አልጨመርኩለትም። ከትምህርት በኋላ አብረን ተቀምጠን ማካፈልን ከሥሩ ጀመርን። ልምምዴ ሲያልቅ ባለ ሁለት አኃዝ አካፋይ ላይ ደርሶ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። በትምህርት ሰዓት ስልክ ከክፍል ይውጣ፤ በዚህ አልደራደርም። ጌም ቤቶችም በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አያስገቡ። ነገር ግን ልጁን በሚወደው ነገር አናዋርደው። የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ክፍል ፊት ማንበብ ይቅር። ለኋለኛው ሁለተኛ ዕድል እንስጠው፤ መሪውን ግን ከእጁ አንንጠቀው።

የራሳችን መንገድ ያለበት ጨዋታም ቢኖር ደግ ነበር። ዶሮዋ ከድስት ለማምለጥ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ኢትዮጵያውያን ሠርተዋል፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም። ከዚራንና ባጃጁን የሚያስገባ ሌላ ሰው ምናልባት ዛሬ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጧል።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጽፋችሁ ለጥፉ።