ለጌሻ ቡና ኤንኤፍቲ እንስራ ላላችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሶስት አራት የሚሆኑት በሜሴንጀር አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቲቸር፣ ለጌሻ ቡና ኤንኤፍቲ ብንሰራስ? እያንዳንዱ ጆንያ የራሱ ቶከን ይኖረዋል፣ ገዢው ውጭ ሀገር ሆኖ ከየት እንደመጣ ያያል፣ ዋጋውም ይጨምራል።» አንዱማ «እኔ ላስጀምራችሁ» የሚል ሰው በነፍስ ወከፍ 8 ሺህ ብር እንደጠየቃቸው ነገረኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ኮንትራቱን መጻፍ ተማሩ። ለማንም ግን ብር አትክፈሉ፤ ቶከኑ የጌሻን ችግር ይፈታል ብላችሁም አትጠብቁ።

ኤንኤፍቲ ሲባል ብዙ ሰው ስዕል ይመስለዋል። መጋቢት 2013 ዓ.ም ላይ የአሜሪካዊው አርቲስት ቢፕል ስራ በክሪስቲስ ጨረታ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ነው ወሬው የተናኘው። (በዓመቱ ገበያው ሲወድቅ ያን ያህል አልተወራም!) ነገሩ ግን መዝገብ ነው። እሸት ቡና ስታስረክቡ ሰብሳቢው ስም፣ ኪሎና ቀን የሚጽፍበትን ደብተር አስቡ። ስማርት ኮንትራት ማለት ያ ደብተር ከነደንቡ ነው። ልዩነቱ በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ ገጽ መቅደድ የለም። የሚመዘገበውም በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ የቶከኑ ቁጥርና የባለቤቱ አድራሻ። ፎቶውና የቡናው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ደብተሩ ላይ የሚቀመጠው ወደዚያ የሚመራ ሊንክ ብቻ ነው። ያ ቦታ ሲዘጋ ቶከኑ ይቀራል፣ ፎቶው ይጠፋል።

መጻፉ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። ኢቴሪየም ላይ ኢአርሲ-721 የሚባል በ2018 እ.ኤ.አ. የቀረበ ደንብ አለ። ኦፐንዘፔሊን የተባለው ነጻ የኮድ ስብስብ አብዛኛውን ስራ ጨርሶ ይሰጣችኋል። እናንተ በሶሊዲቲ ቋንቋ የምትጨምሩት ስሙን፣ ምህጻረ ቃሉን፣ አዲስ ቶከን የሚያወጣውን «ሚንት» የሚባል ክፍል እና ማን ማውጣት እንደሚፈቀድለት ነው። ይቺን የመጨረሻዋን አትርሷት፤ ካልገደባችሁ ማንም መንገደኛ ገብቶ ያወጣል። ከዚያ ሪሚክስን ብሮውዘር ላይ ትከፍታላችሁ፣ ኮምፓይል፣ ሜታማስክን ማገናኘት፣ ዲፕሎይ፣ አለቀ። ሴፖሊያ በሚባለው የመለማመጃ ኔትወርክ ላይ ከሞከራችሁ ክፍያው በመለማመጃ ኢተር ነው፤ ሳንቲም አታወጡም። በዋናው ኔትወርክ ላይ ግን «ጋዝ» የሚሉት ክፍያ በእውነተኛ ኢተር ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም አስጠንቅቋል። እና 8 ሺው ብር ለምኑ ነው? ጠይቁት እስቲ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የስሙ ጉዳይ ነው። ኮንትራታችሁን «ጌሻ» ብትሉት የሚከለክላችሁ የለም። ማኒላ ያለውንም የሚከለክለው የለም! አስር ሰው አስር ኮንትራት በዚሁ ስም ማውጣት ይችላል፤ የማይደገመው አድራሻው ብቻ ነው። ጌሻ ደግሞ በስም አንዴ የተቃጠለ ቡና ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ዘሩን ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ወሰዱት፤ በኬንያና በታንዛኒያ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፣ ከዚያም ፓናማ። እዚያም ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2004 የኤስሜራልዳ እርሻ ለውድድር ሲያቀርበው ፓውንዱ 21 ዶላር አወጣ። በ2019 የሌላ እርሻ ምርት 1,029 ዶላር ተሸጠ። አንድ ፓውንድ እኮ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም! ስሙንም «ጌይሻ» ብለውት አረፉ፤ ጠጪው ከጃፓን የመጣ ይመስለዋል።

ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ፣ በ2007 ተስማምታለች። ያንን ያመጣው ጠበቃ፣ ፋይልና ድርድር ነው። ጌሻ ከሶስቱ ውስጥ አልነበረበትም። ስም የሚጠበቀው በዚያ መንገድ ነው፤ ዲፕሎይ በሚል ቁልፍ አይጠበቅም።

ሌላው ደግሞ ኮንትራቱ ጆንያ አያይም። አርባ ቶከን ብቻ ይውጣ ብላችሁ ብትጽፉ አርባ አንደኛው አይወጣም፤ ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ግን የሚቆጥረው ቶከን እንጂ ቡና አይደለም። ጆንያው ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ጀንፈል ተቀላቅሎ ቢገባ ሰንሰለቱ በምን ያውቃል? ሚያዝያ 2013 ዓ.ም ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖን ከሚያበለጽገው ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼን ለመመዝገብ መስማማቱ ሲነገር፣ ለተማሪዎቼ ይቺን ምሳሌ ነበር የሰጠሁት፦ እኔ 58ን ገልብጬ 85 ብዬ ካስገባሁ፣ ሰንሰለቱ 85ን በታማኝነት ይጠብቃል። ውሸት ሆኖ የገባ ነገር እዚያ ውስጥ እውነት አይሆንም፤ የማይፋቅ ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ስራው ያለው ሚዛኑ ጋ ነው (የከተማችንን ስም አይደለም፣ ኪሎ የሚለካውን ማለቴ ነው)። ማን አመጣው፣ ከየትኛው ማሳ፣ ስንት ኪሎ፣ የትኛው አልጋ ላይ ደረቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፦ ቡናው የበቀለበት ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ የዙሪያው ወሰን። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ቢገፋም ጥያቄው አልተነሳም። እንደኛ ቡናው ጫካ ውስጥ ለሚበቅል አካባቢ ደግሞ ማሳውን ከደኑ ለይቶ ማሳየት ቀላል አይደለም። አባቶቻችሁ ስልክ ይዘው ማሳ ለማሳ የሚዞር ጎበዝ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ያ መረጃ በኤክሴልም ቢቀመጥ ዋጋ አለው። እሱ ከሌለ ግን ቶከናችሁ ባዶ ጆንያ ነው።

በሉ፣ ኮዱን መሞከር የምትፈልጉ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ኑ፣ ሴፖሊያ ላይ አብረን እናወጣለን። በነጻ ነው። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ሁለት ከተገኘ ይበቃናል። ቻርጅ አድርጋችሁ ብቻ ኑ፣ የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ።