ከራይን እስከ ተከዜ

አውሮፓን ዞሮ የተመለሰ ሰው በአገራችን ልማድ የሚጠየቀው ያየውን ነው። ተጠያቂውም አያሳፍርም፤ ግንቡን፣ ካቴድራሉን፣ ከመሬት በታች የሚከንፈውን ባቡር እየቆጠረ አድማጩን ያስደምማል። የጉዞ ጽሑፎቻችንም በአመዛኙ የዓይን ጽሑፎች ናቸው። እኔ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ይልቅ ሊቀናበት የሚገባው የተማሪዎች አውቶቡስ ወንበር ነው እላለሁ። ነገሩ ቀልድ መስሎ እንዳይታይብኝ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በደቡብ ጀርመን የልውውጥ ተማሪ ነበርሁ። የተማሪዎች ማኅበር በተከራየው አውቶቡስ ሃምሳ ያህል ሆነን ስትራስቡርግን፣ ቬርደንን፣ ሉክሰምበርግንና ብራስልስን ልንዞር ተነሣን። ኬል ከምትባለው የጀርመን ከተማ ወጥተን የራይንን ወንዝ ስንሻገር ከፊቴ የተቀመጡት ጀርመናዊቷና ፈረንሳዊው ስለ አይብ ይከራከሩ ነበር። ኬላ የለም፤ ፍተሻ የለም፤ «ውረዱ፣ መታወቂያ አሳዩ» የሚል ወታደር የለም። ፈረንሳይ መግባታችንን የነገሩን በየኪሳችን ጢር ያሉት ስልኮች ብቻ ነበሩ። ከተሳፋሪው እኩሌታው እንቅልፍ ላይ ነበር።

አዲ አርቃይ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ድልድይ ላይ እንዴት ይተኛል? በዚያ ሰሞን ከከተማዬ በማይ ጸብሪ በኩል ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ ከተቋረጠ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም። የተከዜ ድልድይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ፈርሷል። በዚያው ክረምት የአዲ አርቃይ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ፣ ወደ ደባርቅ ተፈናቅሏል። ከወንዙ ማዶ የተዳረች እህት ያለችው፣ ከማዶ የንግድ ባልንጀራ ያለው፣ ዘመዱ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔም የራይንን ውኃ ቁልቁል እያየሁ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ኬልና ስትራስቡርግን የሚያገናኙት ድልድዮችም እኮ በጦርነት የፈረሱ ናቸው፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። እ.ኤ.አ. በ1940 አንዱ ወገን፣ በ1944 ደግሞ ሌላው ወገን፣ በየተራ አፍርሷቸዋል። ከ2017 ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ትራም በወንዙ ላይ ይመላለሳል፤ ሰው ዳቦ ለመግዛት አገር ይሻገራል።

በማግሥቱ ቬርደን ደረስን። ዱኦሞን በሚባለው ስፍራ ባለው ቤተ አፅም የ130,000 ያህል ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች አፅም ተከማችቷል። የፈረንሳዩና የጀርመኑ አጥንት ተለይቶ አልተቀመጠም፤ ሊለይም አይችልም። ጎንበስ ብለን በትንንሾቹ መስኮቶች ስንመለከት ማንም አልተነፈሰም። አውቶቡሱ ውስጥ ተመልሰን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ግን የአይቡ ክርክር ካቆመበት ቀጠለ። ከእኛ መካከል አንዱ በዚህ ተቆጣ፤ ግድየለሽነት ነው አለ። አልተስማማሁም። የእነዚህ ልጆች ቅድመ አያቶች የተከራከሩት በመድፍ ነበር፤ አይብ ላይ ለመድረስ ስንት ሥራ እንደተሠራ አስቡት።

ተሠርቷልም! ሉድቪግስቡርግ የምትባል የጀርመን ከተማና ሞንቤሊያር የምትባል የፈረንሳይ ከተማ የእኅትማማችነት ግንኙነት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950፣ ጦርነቱ በቆመ በአምስት ዓመቱ ነው። ደጎልና አደናወር የኤሊዜን ውል የፈረሙት ከዚያ 13 ዓመት ዘግይተው፣ ጥር 22 ቀን 1963 ነው። በውሉ መሠረት በዚያው ዓመት የሁለቱ አገሮች የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶችን አለዋውጧል። እኔን ለዚያ ወንበር ያበቃኝ የኢራስመስ መርሐ ግብር የተጀመረው ከሁሉ በኋላ፣ በ1987 ነው። ከንቲባ ቀደመ፣ ፕሬዚዳንት ተከተለ፣ ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ መጣ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ።

በእኛም ታሪክ የሚመሳሰል ነገር አለ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ የትግራዩን ራስ ሥዩም መንገሻንና የጎጃሙን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን አስከትለው ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረው ተጉዘው ታሪኩን «ደስታና ክብር» በሚል ርእስ ጽፈውታል። መኳንንቱን ይዘው የሄዱት ከኋላቸው እንዳያምፁባቸው ነው የሚል ወሬ አለ። ምክንያቱ ያም ሆነ ይህ፣ የጎጃምና የትግራይ ገዢዎች በአንድ መርከብ ተሳፍረው ባሕር ተሻገሩ። የገበሬዎቻቸው ልጆች ግን አባይንም ሆነ ተከዜን ተሻግረው ይተያዩ ዘንድ ያሰናዳላቸው የለም።

«ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ የሐረሩ ልጅ ጎንደር፣ የጎንደሩ ጅማ ሲመደብ ኖሯል። ውጤቱንም አይተናል፤ በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ወላጅ ልጁ ቅርብ እንዲመደብለት ይሳላል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ምደባና እንግድነት ለየቅል ናቸው። ተመዳቢ ከግንብ አጥር በስተጀርባ በተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ከአገሬው የሚያውቀው የሻይ ቤቱን ባለቤትና የባጃጁን ሾፌር ነው። የፈረንሳዩ ልጅ ወደ ጀርመን ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ የሚያድረው ከቤተሰብ ጋር ነው። የአባትየውን ኩርፊያ፣ የእናትየውን ወጥ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟች አያት ፎቶግራፍ ያያል። ያ አያት ምን ሆኖ እንደ ሞተ መጠየቁ አይቀርም።

እንግድነትን ደግሞ ማንም አያስተምረንም። በሰሜን ግርጌ ባሉ መንደሮች ወደ ዋልድባ የሚሻገር መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ይላል፤ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ነው። ከማዶ መጣህን፣ ከወዲህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የከተማዬ ስም የሚጀምርበት «አዲ» በትግርኛ አገር ወይም መንደር ማለት ነው፤ እኛ ግን በአማርኛ እያወራን እንጠራዋለን። በገበያዋ ሁለቱም ቋንቋዎች ሲሰሙ ነው ያደግነው፤ በአንዱ ዋጋ ጠርቶ በሌላው የሚከራከር ነጋዴ ብርቃችን አልነበረም።

አውቶቡሱም ቢሆን ነበረን። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ይወርዳል። መንገዱን የቀደዱት ኢጣልያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን፣ ጦርና ስንቅ ሊያጓጉዙበት። ደባርቅ ላይ በጋቢ ተጀቡኖ የተሳፈረ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። በመካከሉ ያለው ጥምዝማዝ ቁልቁለት ወሬ ያስቆማል፤ ረዳቱ ጎማ ሥር የሚወሽቀውን ድንጋይ አቅፎ በሩ ላይ ይቆማል፤ «እመብርሃን» የማይል የለም። ከዚያ ዕቃው ይፈታል፤ ቆሎና ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በዚያ አውቶቡስ አዲ አርቃይ የሚወርደውና እስከ ሽሬ የሚዘልቀው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊማሊሞን አብረው ፈርተዋል። ይህን ጉዞ ከልቡ የጻፈ ደራሲ ቢገኝ እንዴት ባነበብሁት! ስለ ፓሪስ የተጻፈማ ሞልቷል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአዲ አርቃይ ሠላሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመርጠው ሽሬንና አክሱምን ይዩ፤ ከዚያም ሠላሳ መጥተው የጎንደርን ግንብና የሰሜንን ተራራ ይዩ። ማደሪያቸው ሆቴል አይሁን፤ የሰው ቤት ይሁን። ሲመለሱ ያዩትን ሳይሆን ያደሩበትን ቤት ይጻፉ።

«ጊዜው ነው ወይ?» ለሚለኝ አልዋሽም፤ አይደለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ የዚህ አቅጣጫ መንገድ ቢከፈትም፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሥቷል፤ የወሰኑም ጥያቄ አልተቋጨም። ሉድቪግስቡርግና ሞንቤሊያር ሲጀምሩ ቢያንስ ተኩሱ ቆሞ ነበር። የሰው ልጅ በሐሳቤ ውበት ተማርኬ ወደ አደጋ አልልክም። ሆኖም ዝርዝሩን ለማውጣት ሰላም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የትኛው መምህር ይመራል፣ የትኛው ቤት ስንት ልጅ ያሳድራል የሚለው ዛሬ በወረቀት ላይ ሊሰፍር ይችላል። ከማዶም እንዲሁ የሚጽፍ አንድ መምህር አይጠፋም።

ስለዚህ ሐሳብ በስልክ ያጫወትኋት እናቴ ብዙም አልተደነቀች። እኛ ቤት ሁለት ልጆች ማደር ይችላሉ ብላለች፤ ሴቶች ከሆኑ ሦስት። ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ በፍልሰታ ቢመጡ ትመርጣለች፤ እነሱም ስለሚጾሙ ሽሮ ይበቃል።